ኩንታ ኪንቴን የተጫወተው ልጅ የት ደረሰ?

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የፊልም ሂስ ነው። የተነሳው ግን ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ ስለሆነ ከጥያቄው እንጀምራለን።

ባለፈው ተርም ስድስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ጄኔሬተር እያስነሳን «ሩትስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም አሳይተናል። «ሩትስ» ማለት «ሥሮች» ማለት ነው። አንድ ቀን ነዳጅ አልቆ መሀል ላይ ተቋረጠብን። ተማሪዎቹ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኛ ቀድመው በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁን። የመጨረሻው ክፍል አልቆ መብራት ሲበራ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ኩንታ ኪንቴን የተጫወተው ልጅ ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?» አለች። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም። «እናጣራለን» ብለን አለፍነው።

አጣራን። የዚያን ልጅ ብቻ ሳይሆን አብረውት የተጫወቱትንም ተከታተልን። በፍለጋችን መሀል ግን ስለ ራሳችን የማያኮራ ነገር አገኘን። እሱንም ሳንደብቅ እንጽፈዋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙን ላላያችሁት

«ሩትስ» ኤቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከጃንዋሪ 23 እስከ 30 ቀን 1977 በተከታታይ ስምንት ምሽቶች ታየ። መነሻው አሌክስ ሄሊ በ1976 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ታሪኩ በ1750 ጋምቢያ ውስጥ በአንድ የማንዲንካ ቤተሰብ ልጅ ሲወለድ ይጀምራል። ልጁ ኩንታ ኪንቴ ይባላል። ጎረምሳ ሲሆን ለከበሮ የሚሆን እንጨት ፍለጋ እንደወጣ ባሪያ ፈንጋዮች ይይዙታል። በመርከብ ታጭቆ አሜሪካ ይወሰድና ሜሪላንድ ውስጥ ለቨርጂኒያ ባለርስት ይሸጣል። ከዚያ ፊልሙ እሱን፣ ልጁን ኪዚን፣ የልጅ ልጁን ጆርጅን እየተከተለ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እስከመጣው ነጻነት ይዘልቃል። የመጨረሻውን ምሽት ብቻ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳየው ይነገራል።

ያየ ሁሉ የማይረሳው አንድ ትዕይንት አለ። ጌቶቹ «ቶቢ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱ ደግሞ «እኔ ኩንታ ነኝ» ይላል። ታስሮ ይገረፋል። ይጠየቃል፤ ኩንታ ይላል፤ ይገረፋል። በመጨረሻ አቅሙ ያልቅና «ቶቢ» ይላል። ከዚያ ፊድለር የሚባለው፣ ቫዮሊን እየተጫወተ ጌቶችን የሚያዝናናው ሽማግሌ መጥቶ ያቅፈዋል። ነጮች የፈለጉትን ቢጠሩት እሱ ማን እንደሆነ ነግሮት በእውነተኛ ስሙ ይጠራዋል። እዚህች ላይ አዳራሹ ውስጥ ከጄኔሬተሩ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም።

ይህቺን የፊድለርን ትዕይንት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የታመነ ፊት ለክፉ ሥራ

እኛ ነጮቹን ተዋንያን አናውቃቸውም ነበር። ስለዚህ ክፉ ሲሆኑ ክፉ ናቸው ብለን አየናቸው። በ1977 ሳሎኑ ተቀምጦ ያየው አሜሪካዊ ግን እያንዳንዳቸውን እንደ ቤተ ዘመድ ያውቃቸው ነበር።

ኩንታን የሚገዛውን ባለርስት የተጫወተው ሎርን ግሪን ነው። ይህ ሰው ከ1959 እስከ 1973 «ቦናንዛ» በተባለው ተከታታይ ፊልም የደግ አባት ምሳሌ ሆኖ የኖረ ነው። የባሪያው መርከብ ላይ ጨካኙ መርከበኛ ራልፍ ዌይት፣ በዚያው ወቅት «ዘ ዋልተንስ» ላይ የድሃ ግን የጨዋ ቤተሰብ አባት ነበር። ኪዚን አስገድዶ የሚደፍራት ቸክ ኮነርስ «ዘ ራይፍልማን» ላይ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ጀግና አባት ነበር። ዶክተሩን የተጫወተው ሮበርት ሪድ ደግሞ «ዘ ብሬዲ በንች» ላይ የስድስት ልጆች አባት ነበር። አባት፣ አባት፣ አባት፣ አባት! የመርከቡ ካፒቴን ኤድ አስነር ራሱ በአንድ ታዋቂ የኮሜዲ ፊልም ሰው ሁሉ የሚወደው ቆጣ ያለ አለቃ ነበር።

ይህ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ዎልፐርና ባልደረቦቹ አውቀው ያደረጉት ነው። ነጩ ተመልካች ደንግጦ ጣቢያ እንዳይቀይር፣ የሚያምናቸውን ፊቶች አስቀመጡለት። እኛ ይህን የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ነው እንላለን። ክፋት ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። ማታ ማታ ቤትህ ድረስ እየመጣ ከልጆችህ ጋር ያሳቀህ ሰው ፊት ይዞ ነው የመጣው። ተመልካቹ «እሱ እንደዚህ ያደርጋል እንዴ?» ብሎ ከጠየቀ ፊልሙ ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

ነገር ግን ብልሃቱ ዋጋ አስከፍሏል። የመርከቡ ካፒቴን በሠራው ሥራ የሚጨነቅ፣ ጸጸት ያለበት ሰው ተደርጎ ተስሏል። በመርከቡ ወለል ሥር ታስረው ከተደራረቡት አፍሪካውያን አብዛኞቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ የካፒቴኑን ጭንቀት ግን ደቂቃ ተሰጥቶት እናያለን። ለተመልካቹ የሚጠጋበት ነጭ ሰው ለመስጠት ሲባል ነው። እኛ እዚህ ላይ አልተስማማንም።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። ኤድ አስነር በዚህ የባሪያ ጫኝ ሚና የኤሚ ሽልማት አገኘ። በዚያው በ1977 «ሉ ግራንት» የተባለ በራሱ ገጸ ባህርይ የተሰየመ ፊልም ጀመረና እስከ 1982 ሠራበት። ባሪያ ጫኝነቱ አልተጣበቀበትም። አውልቆት ወደ ቤቱ ሄደ። ጥቁሮቹስ?

ከእግር ብረት ወደ እስር ቤት

ወጣቱን ኩንታ የተጫወተው ሌቫር በርተን ይባላል። በ1957 አባቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለግል ስለነበር ጀርመን ውስጥ ተወለደ። እናቱ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። እሱ ቄስ ሊሆን አስቦ በካቶሊክ ሴሚናሪ ተምሯል፤ ኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ማጥናት ጀመረ። ለኩንታ ሲመረጥ የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ በፊልም ዓለም ማንም አያውቀውም። ከስምንት ምሽቶች በኋላ ግን የማያውቀው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ልጅ ቀጥሎ ምን ይሰጠዋል? ዝርዝሩን ተራ በተራ አይተን ነው የደነገጥነው። በ1978 ሮን ለፍሎር የተባለውን እውነተኛ የቤዝቦል ተጫዋች ሆኖ ሠራ፤ ለፍሎር ጨዋታውን የጀመረው እስር ቤት ውስጥ ነው። በ1979 «ደሚ» በተባለ ፊልም በነፍስ ግድያ የተከሰሰ መስማትና መናገር የማይችል ወጣት ሆነ። በ1980 ከስቲቭ ማክዊን ጋር «ዘ ሀንተር» ላይ ሲወጣ በዋስ ተለቆ የጠፋ፣ ከዚያም የሚያዝ ተከሳሽ ነው። ፊልሞቹ መጥፎ ናቸው አላልንም። በርተንም በሁሉም ጥሩ ሠርቷል። ግን ደርድራችሁ እዩአቸው፦ በ1977 በእግር ብረት፣ በ1978 በእስር ቤት፣ በ1979 በፍርድ ቤት፣ በ1980 በአዳኝ እጅ። ታስሮ ስላመንነው እንደታሰረ ተወው።

ማኅተም ማለት ይሄ ነው። ማኅተም የሚመታበት መጥፎ ተዋናይ አይደለም፤ መጥፎውንማ ማንም አያስታውሰውም። ጥሩ የተጫወተውን ሰው ያምነዋል፤ ሰው ካመነው ደግሞ ሚና የሚያድሉት ሰዎች «የሱ ቦታ ይሄ ነው» ብለው ያንኑ ደጋግመው ይሰጡታል። በጥሩ ሥራው ይቀጣል። ጥፋቱ የተዋናዩ አይደለም፤ የአዳዩ ስንፍና ነው። አዳዩ ፊቱን ካየ በኋላ ሰውየውን ለማየት አይደክምም።

ሌሎቹ እንዴት ሆኑ?

ፊድለርን የተጫወተው ሉዊስ ጎሴት ጁኒየር በዚሁ ሚናው ኤሚ ተሸለመ። በ1983 ደግሞ «አን ኦፊሰር ኤንድ ኤ ጀንትልማን» በተባለው ፊልም ኮስታራ የምልምሎች አሠልጣኝ ሆኖ በመጫወቱ፣ በረዳት ተዋናይ ዘርፍ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። ከዚያስ? ዩኒፎርሙን አላወልቅ አለ። «አየርን ኢግል» የሚባለውን የተዋጊ አውሮፕላን ፊልም በቪዲዮ ቤት ያላየ ጎረምሳ ጥቂት ነው፤ ከ1986 እስከ 1995 በወጡት አራቱም ክፍሎች ጎሴት ያው መኮንን ነው። በ1985 «ኤነሚ ማይን» ላይ ደግሞ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ሆኖ ሲሠራ ፊቱ እንሽላሊት በመሰለ ሜካፕ ተሸፍኖ ነበር። እስከ መጨረሻው ግን ሥራውን አላቆመም። በ2023 በወጣው «ዘ ከለር ፐርፕል» ላይ ታይቶ በ2024 ዐረፈ።

ጎልማሳውን ኩንታ የተጫወተው ጆን ኤሞስ ታሪክ ለኛ በጣም ያስተምራል። ከ«ሩትስ» በፊት «ጉድ ታይምስ» በተባለ ኮሜዲ የቺካጎ ድሃ ጥቁር ቤተሰብ አባት ነበር። ደራሲዎቹ የቤቱን የበኩር ልጅ መሳቂያ እያደረጉት ሄዱ። ኤሞስ «ጥቁር ልጅ ሁልጊዜ ቀልደኛ ብቻ ነው እንዴ? ሌሎቹ ልጆች እኮ መማር ይፈልጋሉ» በሚል መንፈስ ተከራከረ። መልሱ ስንብት ሆነ፤ በ1976 ገጸ ባህርዩ በመኪና አደጋ ሞተ ተብሎ ከታሪኩ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት እግሩን የተቆረጠው ኩንታ ሆኖ ተመለሰ። ማኅተምን በመቃወም ሥራ ማጣትም አለ ማለት ነው፤ ግን አልሞተም። በኋላ «ዘ ዌስት ዊንግ» ላይ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ከፍተኛው መኮንን ሆኖ ሠርቷል። እሱም በ2024 ዐርፏል።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችንን እናስገርም። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»ን፣ ኤዲ መርፊ የአፍሪካ ልዑል ሆኖ ሚስት ፍለጋ ኒውዮርክ የሚሄድበትን የ1988 ፊልም ታስታውሱታላችሁ። የሙሽሪት አባት፣ ባለ ሃምበርገር ቤቱ፣ ጆን ኤሞስ ነው። የልዑሉ እናት ንግሥቲቱ ማጅ ሲንክሌር ናት። ማጅ ሲንክሌር «ሩትስ» ላይ ማን ነበረች? ቤል! የኩንታ ሚስት! በባርነት ተጋብተው ልጃቸው የተሸጠችባቸው ባልና ሚስት ከ11 ዓመት በኋላ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ንግሥት ሆነው ተገናኙ። ንጉሡን የተጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስም በ1979 በወጣው የ«ሩትስ» ተከታይ ክፍል ላይ ደራሲውን አሌክስ ሄሊን ሆኖ ሠርቷል። እነዚሁ ንጉሥና ንግሥት በ1994 «ላየን ኪንግ» ላይ የአንበሳው ንጉሥና የሚስቱ ድምፅ ሆኑ። ልጆቻችን በድምፅ ያውቋቸዋል ማለት ነው።

ማጅ ሲንክሌር ከተዋናይነት በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ስናነብ በመምህራን ክፍል ጭብጨባ ተነስቷል። ጃማይካ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። በ1968 ማስተማሩን ትታ ተዋናይ ልሁን ብላ ኒውዮርክ ገባች። በ1991 ኤሚ ተሸለመች፤ በ1995 ዐረፈች። እኛ «አስተማሪ ሁልጊዜ አስተማሪ ነው» ማለት እንወዳለን። እሷ ግን ሌላም መሆን ችላለች።

የኩንታን እናት የተጫወተችው ሲስሊ ታይሰን ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች፤ እምቢ ማለት። ጥቁርን የሚያዋርድ ሚና ከመጣ አትቀበልም። ሥራ ሳይኖራት የምትቆይበት ጊዜ ነበር፤ ሆኖም ጸናች። በ2013፣ በ88 ዓመቷ፣ በመድረክ ተዋናይነት የቶኒ ሽልማት ወሰደች። በ2018 የክብር ኦስካር ተሰጣት። በ2021 ስታርፍ 96 ዓመቷ ነበር። እምቢታ ግን ዕድሜ ይጠይቃል፤ ለሁሉም ሰው የሚሆን መንገድ አይደለም።

ማንበብ ካስቀጣበት ፊልም ወደ ማንበብ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። በርተን የት ደረሰ?

መጀመሪያ «ሩትስ» ውስጥ ኪዚ ለምን እንደተሸጠች እናስታውስ። ኪዚ የኩንታ ልጅ ናት። የጌታው ዘመድ የሆነች ነጭ ልጅ በድብቅ ማንበብና መጻፍ አስተማረቻት። ለባሪያ ማንበብ ክልክል ነው። ኪዚ የምትወደው ልጅ እንዲያመልጥ የይለፍ ወረቀት አስመስላ ጻፈችለት። ልጁ ተያዘ፤ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ታወቀ፤ ኪዚ በዚያው ቀን ከእናትና አባቷ ተነጥላ ተሸጠች። የይለፍ ወረቀት ምን እንደሆነ ለኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም።

እንግዲህ የኪዚን አባት የተጫወተው ሰው በ1983 «ሪዲንግ ሬይንቦው» ወይም «የንባብ ቀስተ ደመና» የሚባል የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። ፕሮግራሙ የተፈጠረው በረጅሙ የክረምት ዕረፍት ልጆች ማንበብ እየረሱ ስለሚመለሱ ነው። (ይህን ችግር የማያውቅ መምህር ካለ እጁን ያውጣ!) በርተን ካሜራውን እያየ መጽሐፍ ያስተዋውቃል፣ ስለ መጽሐፉ የሚያወሩ ቦታዎችን ይጎበኛል፤ መጨረሻ ላይ ልጆች ራሳቸው ቀርበው ያነበቡትን መጽሐፍ ለሌሎች ልጆች ይነግራሉ። አዲስ ዝግጅት እስከ 2006 ድረስ ቀጠለ፤ 155 ዝግጅቶች። በ2014 ፕሮግራሙን በአዲስ መልክ ለማምጣት ከሕዝብ ገንዘብ ሲጠይቅ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ብዙዎቹ በልጅነታቸው እሱን እያዩ ማንበብ የለመዱ ነበሩ።

በመሀሉ፣ ከ1987 እስከ 1994፣ «ስታር ትሬክ» በተባለው የሕዋ ፊልም አዲስ ትውልድ ላይ የመርከቡ ዋና መሐንዲስ ሆነ። መሐንዲሱ ዓይነ ስውር ነው፤ የሚያየው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን መሣሪያ ነው። በዚህ ጉዳይ በመምህራን መካከል ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ወገን «በመጨረሻ ሰንሰለት የሌለበት ጥቁር ሰው አየን፤ መርከቡ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ሩትስ ላይ ያስለቀሰን በዓይኑ ነው፤ ያንን ዓይን ለሰባት ዓመት ሸፈኑት፤ ጎሴትንም በሜካፕ ሸፈኑት» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ግን ወደ መጀመሪያው እናደላለን። ከአንድ መርከብ ወለል ሥር ታስሮ የነበረ ፊት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሌላ መርከብ ሞተር ኃላፊ ሆኖ ታየ። በዚያው ፊልም ሁለት ክፍሎችን በዳይሬክተርነት ሠርቷል። በ1996ቱ የሲኒማ ፊልም ላይም መሣሪያው ቀርቶ ዓይኑ ታየ።

ኩንታን ደግሞ አልካደውም። በ2016 «ሩትስ» እንደገና ሲሠራ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ እሱ ነበር። ኩንታን ማላኪ ከርቢ፣ ፊድለርን ፎረስት ዊታከር ተጫወቱት። በርተን የድሮ ሚናውን ለወጣት አስረከበ። ከማኅተም መውጣት ማለት ማኅተሙን መፋቅ ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው። በርተን ኩንታ ያስገኘለትን ዝና ይዞ ሄደ፤ ግን ራሱ ለመረጠው ሥራ ተጠቀመበት።

የኛ ቲያትር

እስካሁን የሆሊውድን ሚና አዳዮች ወቀስን። አሁን ወደራሳችን።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ የድራማ ክበባችን ለተርም መዝጊያ አጭር ቲያትር አዘጋጀ፤ የግርፊያውን ትዕይንት። ኩንታን ማን ይጫወት ሲባል ማንም ምንም ሳይናገር የሁላችንም ዓይን አንድ ልጅ ላይ ዐረፈ። ለምን? ልጁ ከክበቡ ሁሉ ጠቆር ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ጥሩ ያነብ እንደሆነ፣ ድምፁ ከኋላ ይሰማ እንደሆነ አልፈተንነውም። ፊቱን አይተን ሰጠነው። ሆሊውድ ይህንኑ አይደል ያደረገው?

በዚያ ላይ ተራኪያችን በአማርኛ «ባሪያ» የሚለውን ቃል በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ አለ። አዳራሹ ሳቀ። ይህ ቃል በአገራችን ምን ሆኖ እንደኖረ እናውቃለን። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን እስከዛሬ ስድብ ሆኖ በየሰፈሩ ይዞራል። ስለ አሜሪካ የምናሳይ መስሎን የራሳችንን ቁስል ነካን፤ ያውም በአንድ ልጅ ላይ። እኛም ከሳቁት ውስጥ ነበርን።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰዓት ስላጠረን አንድ ትዕይንት መቁረጣችን ነው። የቆረጥነው የፊድለርን ነው። ልጁ ተገረፈ፣ «ቶቢ» አለ፣ መጋረጃ ተዘጋ። ስሙን የሚመልስለት ሰው አልመጣም።

በማግስቱ ቧንቧ ላይ «ቶቢ» ተባለ። ኳስ ሜዳ «ቶቢ፣ አቀብል» ተባለ። የራሽን ሰልፍ ላይ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ጠሩት። ልጁ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረ። ቤታቸው ስንሄድ እናቱ ቡና አፍልተው በትሕትና ተቀበሉን። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ «እኔ ልጄን በአያቱ ባወጡለት ስም ነው የላክኩላችሁ። እናንተ ሌላ ስም አሸክማችሁ መለሳችሁልኝ።» መልስ አልነበረንም። «እናጣራለን» ማለት ደግሞ እዚያ አይሠራም።

ከብዙ ውይይት በኋላ ቲያትሩን በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ ደገምነው። በዚህኛው የሚገረፈው ከኛ ከመምህራን አንዱ ሆነ። ልጁ ተጠይቆ፣ ራሱ መርጦ፣ ፊድለርን ተጫወተ። መምህሩን ከመሬት አነሳው፤ አቀፈው፤ በስሙ ጠራው። ድምፁ እስከ ኋላ ድረስ የሚሰማ መሆኑን ያኔ አወቅን። «ባሪያ» የሚለውንም ቃል ከትረካው አውጥተን «በባርነት የተያዙ ሰዎች» አልን፤ ረዘም ይላል፣ ግን ማንም አልሳቀም። ሁሉም ተስተካከለ ብለን አንዋሽም። መምህሩ ለአንድ ሳምንት ያህል «ቲቸር ቶቢ» ተብሏል፤ ይገባናል። ልጁንም እስከዛሬ አልፎ አልፎ በዚያ ስም የሚጠሩት አሉ። ግን ወደ ክፍል ተመልሷል።

ለመምህራንና ለድራማ ክበባት

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። ሚና ስናድል ሁሉም ተማሪ ይፈተን፤ ያነብ፣ ይሞክር። ሌባ ወይም ሰካራም ሆኖ የተጫወተ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ዳኛ ወይም ሐኪም ይሁን፤ ዳኛው ደግሞ ሰካራም ይሁን። የሚያዋርድ ትዕይንት ካለ ለልጅ አይሰጥ፤ ከተሰጠም ስሙን የሚመልስለት ትዕይንት በምንም ምክንያት አይቆረጥ። ይህ ለድራማ ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ጥቁር ሰሌዳ የምታጠፋው ያቺው ልጅ፣ ሁልጊዜ የሚያነበው ያው አንደኛ የወጣ፣ «ሰነፍ» ተብሎ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመጠው ያው ልጅ ከሆነ እኛም ሚና አዳዮች ነን፤ ያውም ሰነፎች።

ለጠየቅሽን ተማሪ፦ መልሱ ዘገየብሽ፣ ይቅርታ። ኩንታ ኪንቴን የተጫወተው ልጅ ለ23 ዓመት ልጆችን ማንበብ ሲያስተዋውቅ ቆየ። አንቺም በሚቀጥለው ቅዳሜ የወደድሽውን አንድ መጽሐፍ ይዘሽ ነይ። መድረኩ ላይ ወጥተሽ ለጓደኞችሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ነዳጅ ባይኖርም ለዚህ ጄኔሬተር አያስፈልግም።